የፌንጣ ጉልበት

«ፌንጣ፣ እስቲ አንዴ ብቅ በይ።»

የእናቷ ድምፅ ከምድር ቤቱ ፀጉር ቤት ተነስቶ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ ሳያንኳኳ ክፍሏ ገባ። ፌንጣ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ ጉልበቷ ላይ ይዛ ነበር። ጠርሙሱን ትራሷ ሥር ደበቀችው። የሹራቧን አንገትጌ በጥርሷ ነከሰች። የደረጃው ማጠፊያ ላይ ስትደርስ አንገትጌውን ለቀቀችና የጤነኛ ሰው ፊት ለብሳ እየዘለለች ወረደች።

ታች ሦስት ሴቶች ራሳቸውን ካስክ ውስጥ ከትተው ፀጉራቸውን ያደርቃሉ። እናቷ በአንድ እጇ ማበጠሪያ፣ በሌላው የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን እንደያዘች «ይቺ ናት እንግዲህ» አለች። «ያኔ ከአልጋ ለመነሳት የምታለቅሰው። ቁጢጥ ብለሽ ተነሺላቸው፣ የኔ እናት።»

ፌንጣ ቁጢጥ አለች፤ ተነሳች፤ ለማሳመሪያም አንዴ ዘለለች። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ጉልበቷ ውስጥ አናጢ ገብቶ ሚስማር የሚመታ መሰላት፤ እሷ ግን ፈገግ እንዳለች ነው። ስትመለስ፣ ከማጠፊያው ወዲያ የሚያያት ስለሌለ፣ የቀረውን ደረጃ በእጇም በእግሯም ወጣችው።

ነገሩ የተጀመረው ሐኪም ቤት ነው። ወጣቷ ሐኪም ያበጠ ጉልበቷን ነካክታ ክኒን አዘዘችላት። ቀጥላም ስለ ምግብ አወራች፦ ስኳርና የተጠበሰ ነገር ተቀንሶ ዓሣ፣ አትክልት፣ ለውዝና የወይራ ዘይት ቢዘወተር እብጠቱን ሊያበርደው ይችላል፤ አንዳንዱን ሰው በደንብ ይረዳል፣ አንዳንዱን ብዙም አይደል፤ ደግሞም ክኒኑን ያግዘዋል እንጂ አይተካውም። እናቷ «ያበርደዋል» የሚለው ላይ ስትደርስ ጆሮዋ ጠገበ። የቀረው አልገባላትም።

በማግስቱ ስኳር ከቤት ተባረረ፤ ብስኩት ተከተለው፤ ለስላሳ መጠጥማ ስሙም አይነሳ። እርድ የማይነሰነስበት ነገር ጠፋ፤ ፌንጣ ስታዛጋ ግድግዳው ቢጫ እስኪሆን ድረስ። ከዓሣው ብዛት የሰፈሩ ድመቶች ተሰልፈው ትምህርት ቤት ድረስ ይሸኟት ጀመር፤ አንዷማ የጠዋት ሰልፍ ላይ ቆማ አብራ ዘምራለች ይባላል። የክፍሏ ልጆች ቺፕስ ሲሻሙ እሷ ከምሳ ዕቃዋ ቆስጣ እየመዘዘች ታኝካለች። «ይኸው ፌንጣ ሣር ጀመረች» ብሎ አንዱ አሳቀባት። ቅጽል ስሙ የወጣላት እኮ ከመታመሟ በፊት፣ በገመድ ዝላይ የሚስተካከላት ባልነበረ ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ መላ ያገኘች መሰላት። የዳነ ሰው ምን ቤት ነው ቆስጣ የሚያኝከው? «እማ፣ ድኛለሁ» አለች። «ምንም አያመኝም።» በልቧ ከረሜላ መቆርጠም ጀምራ ነበር።

እናቷ አቅፋት አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ዓሣውን እጥፍ አደረገችው። ያዳነ ምግብ ይተዋል እንዴ? ፌንጣ ወጥመዱን ራሷ ሠርታ፣ ራሷ አጥምዳ፣ ራሷ ገባችበት። ለእናቷ ደግሞ ወሬም እንደ ፀጉር ነው፤ ሳትቀጥልበት አትለቅም። ለደንበኞቿ ስትተርክ ክኒኑን ትዘለዋለች። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ክኒን እየዋጠች መሆኑ ለተረቱ አይመችማ።

እውነቱ ግን ትንሽዬ ነበር። ድሮ ጠዋት ጉልበቷ እስኪፍታታ አልጋ ላይ ትቆይ ነበር፤ አሁን ከቁርስ በፊት ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስራለች። ከምግቡ ይሁን ከክኒኑ፣ ወይስ ከሁለቱም፣ አታውቅም። ለጫማ ክር ደግሞ ማን ያጨበጭባል?

ሰኞ የሒሳብ መምህሯ ጠመኔ ከእጃቸው ወደቀ። አነሱት፤ ደግሞ ወደቀ። ክፍሉ ሳቀ። ሲደወል ፌንጣን አስቀሯት። ጣቶቻቸው አብጠው ቀለበታቸው ሥጋ ውስጥ ሰምጧል።

«ያን ቀን እናትሽ ፀጉር ቤት ካስክ ሥር ሆኜ ስትዘልዪ አየሁሽ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እናትሽ ምግቡን ነግራኛለች። እኔም ክኒኔን ተውኩት። ለመሆኑ አንቺን እስኪያድንሽ ምን ያህል ጊዜ ፈጀ?»

ፌንጣ ለማንም ለምንም ቀልድ አጥታ አታውቅም። አሁን ግን የሰመጠውን ቀለበት እያየች የሹራቧን አንገትጌ ነከሰች። ብትናገር እናቷ በደንበኞቿ ፊት ቀጣፊ ልትባል ነው። ባትናገር እነዚህ ጣቶች እንዲሁ ሊቀሩ ነው።

«ይ... ይቆያል፣ ቲቸር።»

«እንግዲያው ልታገሥ» አሉ መምህሯ፣ ደብተራቸውን በጣታቸው ማንሳት አቅቷቸው በክንዳቸው እያቀፉ።

ቅዳሜ ያው ድምፅ ደረጃውን ወጣ። «ፌንጣ፣ ቲቸርሽ መጥተዋል። ብቅ በይ እስቲ።»

ማጠፊያው ላይ ቆማ አጮለቀች። መምህሯ ካስኩ ሥር ተቀምጠዋል። የሻይ ብርጭቋቸውን በጣታቸው ሳይሆን በሁለት የእጅ አንጓቸው መሐል ይዘውታል። ፌንጣ ወደ ኋላዋ ዞረች፤ አንድ አልጋና አንድ መስኮት ነው ያለው። ከፊቷ ጭብጨባ ይጠብቃታል። ግድግዳው ከሁለቱም በኩል የተጠጋባት መሰላት። የሹራቧን አንገትጌ እንደ ልማዷ ነክሳው ነበር።

ከጥርሷ ለቀቀችው። የደረጃውን መደገፊያ ያዘች። አንድ እግሯን አወረደች፤ ሌላውን አምጥታ ከጎኑ አቆመችው፤ ትንሽ አረፈች። ሰው በሌለበት እንደምትወርደው ወረደች።

የእናቷ ማበጠሪያ አየር ላይ ቀረ። «ምን ሆነሻል? ዝለይ እንጂ፣ የኔ እናት።»

ፌንጣ ሌላ ደረጃ ወረደች። ካስኩ ያጓራል። መምህሯ ፈገግ ብለው ብርጭቋቸውን ከፍ በማድረግ ሰላም አሏት። በዚያ ጩኸት ውስጥ ሆነው ምንም እንደማይሰሙ ታውቃለች። አጠገባቸው ስትደርስ ቆመችና መጀመሪያ እናቷን አየቻት።

«ትንሽ ተሽሎኛል፣ እማ» አለች። «ትንሽ ብቻ።»

ከዚያ እጇን ዘርግታ ካስኩን አጠፋችው።