የአምብሮስ ግራ እጅ

«መዳፌን የምታክል ሥጋ ቁረጪልኝ። ስስ ትሁን፤ አጥንት እንዳይኖራት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረኝ እንዲህ ብሎ ነው። የአባቴ ልኳንዳ ውስጥ ቆሜ ነበር። ያኔ በእኛ የፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ከተማ ከቤዝቦል ሌላ ወሬ አልነበረም።

«ለድመትህ ነው?» አልኩት።

ሳቀ። የቀኝ እጁን ጣቶች ያኔ አየኋቸው። ሁሉም ተሰብረው፣ ጠማማ ሆነው ነው የዳኑት።

አምብሮስ ቶል ይባላል፤ የከተማችን ቡድን ኳስ ቀላቢ ነበር። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ወርዋሪው የሚልከውን ሁሉ በግራ እጁ ጓንት ይቀልባል። ሥጋውን ጓንቱ ውስጥ የሚያነጥፈው ኳሱ እጁን እንዳያደቅቀው ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ያ ሥጋ ለውሻ እንኳ አይሆንም።

ጨዋታ ባለ ቁጥር ይመጣል። እኔም ለእሱ ስቆርጥ ቀስ ማለት ጀመርኩ። አባቴ ቢላዋው ዶልዱሞ እንደሆነ እየጠየቀ ያሽሟጥጠኝ ነበር።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንዙ ዳር ተቀመጥን። እንደምንም ደፍሬ ግራ እጁን ያዝኩት። ጠበቅ አደረግኩት። እሱ ስለ ወርዋሪው ማውራቱን ቀጠለ... ጣቶቹ አልመለሱልኝም፤ ዞር ብሎም አላየኝ። ቀስ ብዬ እጄን አነሳሁ።

ከዚያ ወዲህ ሲመጣ አባቴ ይቆርጥለታል፤ እኔ ጓዳ እገባለሁ። ምን እንዳጠፋ አባቴን ጠይቆት ነበር አሉ። እኔ አልተናደድኩም፤ አላለቀስኩም። ውስጤ ቀዝቅዞ ዝም ብዬ ሥራዬን እሠራ ነበር።

አንድ ብርዳማ ጠዋት አባቴ ሳይኖር መጣ። ምድጃውን ተደግፎ ቆመ። ሥጋውን እየቆረጥኩ የሚቃጠል ቆዳ ሸተተኝ። ቀና ስል ግራ እጁ የጋለው ብረት ላይ ነው፤ እሱ እኔን ያያል። ሮጬ አነሳሁለት።

«አይሰማህም?»

እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው። «ከአምና ጀምሮ ሞቷል። አደራሽን፣ ሚና፣ የቡድኑ ሰዎች ከሰሙ ያባርሩኛል።»

«ታዲያ ያን እሁድ... ወንዙ ዳር...»

«ያን እሁድ ምን?»

«እጅህን ይዤህ ነበር።»

ግራ እጁን በቀኙ ደገፈው። «ይዘሽኝ ነበር?» አለኝ።

ቅዳሜ ከቺካጎ፣ ለትልቁ ቡድን ተጫዋች የሚመርጥ ሰው እንደሚመጣ ነገረኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘው ይህን ቀን ነው። ተው እንዳልለው ዕድሜውን የለፋበት ነው፤ ሂድ እንዳልለው እጁ ነው። ቃጠሎውን ሞራ ቀብቼ ጠቀለልኩለትና ሥጋውን ወፈር አድርጌ ቆረጥኩለት።

ቅዳሜ እስከ መጨረሻው ግሩም ተጫወተ። መጨረሻ ላይ ኳሱ ጓንቱ ውስጥ ገባና ተንሸራቶ ወደቀ። አምብሮስ ግን የያዘው መስሎት ጓንቱን ጨብጦ ቆመ። ሕዝቡ እግርህ ሥር ነው እያለ ይጮሃል፤ እሱ ጓንቱን ከፍቶ ይፈልጋል። የተቃራኒው ቡድን ሯጭ በአጠገቡ አልፎ የማሸነፊያውን ነጥብ አስቆጠረ። የቺካጎው ሰው ባርኔጣውን አጥልቆ ተነሳ። ሰኞ የእኛም ቡድን አሰናበተው።

በማግስቱ መጣ። ሥጋ አልጠየቀም። አባቴ የተወለወለውን ሚዛን እንደገና መወልወል ጀመረ።

«እንግዲህ ኳስ ቀላቢ አይደለሁም» አለኝ።

«እኔ መቼ ኳስ ቀላቢ ወደድኩ? አንተን ነው የወደድኩት።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አባቴ ጨርቁን አስቀምጦ ወጣልን።

በመከር ተጋባን። በእኛ፣ ከጀርመን በመጣነው ሰዎች ወግ፣ ባልም ቀለበት ያጠልቃል። ፓስተሩ ግራ እጁን ሊይዙ ሲሉ አምብሮስ ሸሸገውና ቀኙን ዘረጋልኝ። ቀለበቱ ጠማማው አንጓ ላይ ደርሶ አልገባ አለ። ተውኩት።

«ግፊው» አለኝ።

«ያምሃል እኮ።»

«ይመመኝ፤ ይሄኛው ይሰማኛል።»

ገፋሁት። ያን ሁሉ ጊዜ እምቢ ያለኝ እንባዬ እዚያው፣ በሰው ፊት ወረደ።