ያልተቀነሰው ነጥብ

አንጋፋው የታሪክ መምህር በፈተና ማረሚያው ክፍል፣ ግንባሩን በተማሪዎች ድርሰት ላይ እንደደፋ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ምሳውን ይዛ የሄደችው ሚስቱ ናት። ሐኪሙ «ታፍኖ ነው» አለ።

አሁን እዚያው ክፍል ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፦ እሷ፣ «ተማሪዎቼን በማርክ ፈጃቸው» እያለ ከሟቹ ጋር ሲነታረክ የኖረው ርዕሰ መምህር፣ እና ባልና ሚስቱ ከሕፃንነቱ ያሳደጉት ወጣት የታሪክ መምህር። ወጣቱ እጇን ይዞ ያጽናናታል። እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር ትላለች በሆዷ።

የፖሊስ መርማሪዋ ፊት ለፊታቸው ቆማ ድርሰቶቹን ታገላብጣለች።

«ሁሉም ታርሟል። እስከ ምሳ ሰዓት በሕይወት ነበር ማለት ነው» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«እኔ ከረፋዱ ጀምሮ ሳስተምር ነበር» አለ ወጣቱ።

«እርስዎስ?» አለች መርማሪዋ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞራ።

«ቢሮዬ። ብቻዬን» አለ ላቡን እየጠረገ።

መርማሪዋ ቀና አለች። «እስቲ የፈተናውን ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የቀደመው ረሃቡ ነው ወይስ ጦርነቱ?»

«እኔ የሒሳብ ሰው፣ በምን አውቄው!» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«ጦርነቱ ነዋ» አለ ወጣቱ። «ረሃቡን ያመጣው እሱ አይደል?»

ሚስትየው ዞር ብላ አየችው። «ረሃቡ ነው እንጂ! ስንት ዓመት ሙሉ ሲያወራው ሰምቼ የለ?»

«ልክ ነዎት፣ እማማ» አለች መርማሪዋ። «የዚህ ልጅ ተማሪዎች ግን ሁሉም የእሱኑ ስህተት ቃል በቃል ጽፈዋል። መልሱን አስቀድሞ የሰጣቸው ሰው አለ። ባለቤትዎ መጀመሪያ ባረሟቸው ላይ ነጥብ ቀንሰው፣ ዳር ላይ ‹ይህን ማን ሰጣችሁ?› ብለው ጽፈዋል። ከመሃል ጀምሮ ያው ስህተት ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። ሌላው ስህተት ግን አንድም አላመለጠም፤ ያረመው ታሪክ የሚያውቅ ሰው ነው። ገዳዩ ጠዋት ገድሏቸው፣ እስከ ምሳ የቆዩ እንዲመስል የቀረውን በችኮላ አርሞ ሊያስተምር ሄደ። ያችን አንዷን ስህተት ያላያት የራሱ ስለሆነች ነው።»

ወጣቱ የሚስትየውን እጅ አጥብቆ ያዘ።

«የተማሪዎቼ ውጤት ካማረ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እሆን ነበር» አለ። «አባባ ግን አጋልጥሃለሁ አለኝ። እማዬ፣ ለመንኩት እኮ!»

እጇን ቀማችው።

«ተማሪው ሳለህም ይህንኑ ተሳስተህ ነበር» አለች። «በዕድሜው ለማንም አድልቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ቀይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ‹ልጄ ነው፣ በኋላ ያርመዋል› ብሎ ሙሉ ነጥብ ሰጠህ።»

ፖሊሶች ሲወስዱት ከበሩ ላይ «እማዬ!» ብሎ ተጣራ። ዞር አላለችም።