አንገቱን ወደ ግራ ያዞረው ንስር

«ሣልሽው ወይስ ገና ነሽ?» ወንድሟ በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

ደብተሩን ጥርቅም አደረገችው። «ገና ነኝ።»

«አቦ አትቀልጂ! ነቃሹ ነገ ይጠብቀኛል። አንድ ንስር ለመሣል ይሄን ያህል?»

ወንድሟ ሰሞኑን አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ለልደቱ የመረጠው ስጦታ በአያታቸው ክንድ ላይ ያለውን ንቅሳት፣ የባንዲራውን ንስር፣ በራሱ ክንድ ላይ ማስነቀስ ነው። ችግሩ አያታቸው ምን ቢሞቅ እጅጌያቸውን የሚሰበስቡ ሰው አይደሉም። ንስር እንዳለ ቤተሰቡ ሁሉ ያወራል እንጂ ያየው የለም። ያየችው እሷ ብቻ ናት፤ የተሰበረ ክንዳቸው ከጀሶ የወጣ ቀን ያጠበቻቸው እሷ ነበረች። ሥዕልም ትችላለች። እና ሥራው እሷ ላይ ወደቀ።

«ነገ ትወስዳለህ አልኩህ። አሁን ውጣልኝ!»

ቤት ውስጥ የሚጠሯት «መርማሪዋ» እያሉ ነው። ወተት ሲጎድል ድመቷን ትታ አክስቷን የምትጠረጥር፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ከአፏ የማይጠፋ ልጅ ናት። የሰሞኑ ጥርጣሬዋ ግን የሚያስቅ አልሆነላትም። ባንዲራው ላይ ያለው ንስር የሚያየው ወደ ቀኝ ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለውም፣ የደብተሯ ሽፋን ላይ ያለውም ወደ ቀኝ ነው። የአያቷ ንስር ግን አንገቱን ወደ ግራ አዙሯል። ወደ ግራ የሚያየው የማን እንደሆነ ደግሞ የታሪክ መጽሐፏ በሥዕል አስቀምጦታል፤ አያቷ በወጣትነታቸው በዘመቱበት ጦርነት ከድንበር ማዶ የመጡት ወታደሮች ቆባቸው ላይ ያደርጉት ነበር።

በቃ፣ አያቷን መከታተል ጀመረች። ቴሌቪዥኑ ባንዲራ ሲሰቀል ሲያሳይ ለምን ተነስተው ይወጣሉ? ስለ ጦርነቱ ሲጠየቁ ለምን «ሆድ ይፍጀው» ይላሉ? ትናንት ሳህን ሲያቀብሏት እጃቸውን ላለመንካት ተጠንቅቃ ተቀበለቻቸው። እሳቸውም ያዩባት መሰላት።

ወንድሟ እንደወጣ እርሳሷን አነሳች። ወደ ቀኝ ብትሥለውስ? ማን ያውቃል? ወንድሟ ክንዱን ነፍቶ ሰፈሩን ይዞራል፣ የአያቷም ጉድ ተሸፍኖ ይቀራል። ግን ውሸት ነው፤ ያውም ቢታጠብ የማይለቅ ውሸት። ሆዷ አልቻለም፤ ደብተሯን ይዛ ወጣች።

አያቷ የዱሮ ጫማ ሰፊ ናቸው። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የእሷን የተቀደደ ጫማ ይሰፋሉ።

«አባባ» አለች። «ንስሩ ለምን ወደ ግራ ያያል?»

መርፌው ቆመ። «እስክትጠይቂኝ እየጠበቅኩ ነበር።»

«ከነዚያ ጋር ነበሩ?»

«ከማዶዎቹ?» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደስታ አልነበረበትም። «እኔማ ባንዲራዬን ብዬ ነው የተነቀስኩት። የጦር ሰፈር ጓደኛዬ ወረቀት ላይ በቀለም አሳምሮ ሣለው። ወደ ቀኝ ነው የሣለው። ከዚያ ቀለሙ ሳይደርቅ ክንዴ ላይ ለጠፈውና የታተመውን እየተከተለ በመርፌ ወጋው። ወረቀት ሲለጠፍ ሥዕሉ እንደሚገለበጥ ማን አሰበ! ሁለታችንም ጅሎች። ጨርሰን ስናየው ንስሩ ዞሯል።»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ፊታቸውን ስታይ ዋጠችው።

«ኬላ ላይ የገዛ ወገኖቼ እጅጌዬን ሰበሰቡት። ‹ሰላይ ነህ› አሉኝ። ብምል ብገዘት ማን ሊሰማኝ! ጦርነቱ እስኪያልቅ አሰሩኝ። ይሄ ጣቴ የማይታጠፈው በማዶዎቹ ጥይት ይመስልሻል? የኛዎቹ ናቸው የሰበሩት።» ክሩን ሳብ አደረጉት። «ዱላውን ረስቼዋለሁ። አስተያየታቸውን ነው ያልረሳሁት። ሰሞኑን ደግሞ አንቺም እንደነሱ ስታዪኝ ነበር።»

ክው አለች። እዚያው መሬት ብትውጣት በወደደች።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ።»

«‹ያልጠረጠረ ተመነጠረ› አይደል የምትዪው? እኔን የመነጠሩኝ የሚጠረጥሩት ናቸው፣ የኔ ልጅ።»

ጫማዋን አቀበሏት። ስትቀበል በዚህ ጊዜ እጃቸውን ያዘች፣ ቶሎም አልለቀቀችውም። ከዚያ እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ ደብተሯን ገለጠች።

«እጅጌዎን ልሰብስበው?»

መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ። ሰው ይመላለሳል። ብዙ ካመነቱ በኋላ ክንዳቸውን ዘረጉላት።

ላባውን፣ ጥፍሩን እንዳለ ሣለችው። ወንድሟ ከቤት ወጥቶ ከትከሻዋ በላይ አጮለቀ። «እንዴ! ዞሯል እኮ! ሰው ምን ይለኛል?»

«ቁጭ በልና ለምን እንደዞረ አባባ ይንገሩህ። መነቀሱን ከዚያ በኋላ ታስብበታለህ።»

ጎረቤታቸው፣ ጡረተኛው መቶ አለቃ፣ እያለፈ ሳለ ቆም አለ። ዓይኑ ክንዳቸው ላይ ተተከለ። የአያቷ ሌላኛው እጅ ቀስ ብሎ ወደ እጅጌው ሄደ።

ያዘችው።

«አይንቀሳቀሱ አባባ» አለች፣ መቶ አለቃው እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ገና አንገቱን አልጨረስኩም።»