ጥቁሮቹ የቀዮቹ ልጆች

በአርሞን መንግሥት በገብሱ ላይ ማር ዘነበ። ቅጠሉ ሁሉ ሲያጣብቅ የንጉሡ ጠንቋዮች «የበረከት ምልክት ነው!» ብለው አወጁ። ሕዝቡ እየላሰ ሲደሰት ወሩ ሳያልቅ ገብሱ ቢጫ ሆነ። ማር የተባለው ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ የሚያንጠባጥበው ፈሳሽ ነበር፤ አረንጓዴዎቹ ተባዮች በየቅጠሉ ሥር ተደራርበው የገብሱን ጭማቂ ይመጥጡ ነበር።

ያኔ ሊባና የተባለች የገበሬ ልጅ በንጉሥ ዘንጎር ፊት ቆመች።

«ክሽክሽን የሚበሉ ቀይ ጥንዚዛዎች በሳምራት ተራራ አሉ። ባዶ እጄን ብመለስ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!»

ጎርዛ የተባለ ጥርሰ ወላቃ ሽማግሌ ወታደር አብሯት ዘመተ። ሦስት በረሃ አቋርጠው በተራራው ላይ ጥንዚዛዎቹን የሚጠብቅ ዘንዶ ካለበት ዋሻ ደረሱ። ጎርዛ በቅሎዋን ይዞ ደጅ ቀረ፤ ሊባና ብቻዋን ገባች። በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ያለባቸው ጥንዚዛዎች እንደ ፍም ተከማችተው ተኝተዋል።

«ውሰጂ» አለ ዘንዶው። «ልጆቻቸው ግን ጥቁርና አስፈሪ ሆነው ይፈለፈላሉ። ክሽክሹን የሚጨርሱት እነሱ ናቸውና እንዳታስገድያቸው። ዋጋዬ ድምፅሽ ነው፤ ከነፊደልሽ፤ ከእንግዲህ መናገርም መጻፍም አትችዪም።»

ሊባና ገብሱን አሰበች።

«ይሁን» አለች።

ስትወጣ ጎርዛ «ምን አለሽ?» ብሎ ጠየቃት። እሷ ጉሮሮዋን ጠቁማ እጇን አወዛወዘች።

ጥንዚዛዎቹ በማሳው ተለቀቁ፤ ቢጫ እንቁላል ጥለው አብዛኞቹ ሞቱ። ከእንቁላሉም እሾሃማ ጥቁር ትሎች ወጡ።

«የዘንዶው ዘር ነው! ይቃጠል!» ብሎ ንጉሡ ችቦ አስለኮሰ።

ሊባና ቀዩን ጥንዚዛ ጠቆመች፤ ትሉን ጠቆመች፤ ሆዷን እንደ ነፍሰ ጡር ዳበሰች።

«ጋሼ ጎርዛ፣ ምን እያለች ነው?» አሉ ሰዎቹ።

«አርግዛለች መሰለኝ።»

«ከዘንዶው?!»

ሊባና ከንዴቷ ብዛት ጓል አንስታ ጎርዛ ላይ ወረወረች።

«እሺ፣ እሺ! አላረገዘችም!» አለ ራሱን ይዞ።

ሌላ መንገድ ስታጣ ወደ ማሳው ገባች። ትሎቹን በእፍኟ እያነሳች በፀጉሯ፣ በአንገቷ፣ በክንዷ ላይ አደረገችና በችቦዎቹ ፊት ቆመች። ሰዉ በመጸየፍ ወደ ኋላ አለ። ጎርዛ ሰይፉን መዝዞ ከጎኗ ሆነ።

«የምትለው አልገባኝም። እሷን ልታቃጥሉ ከሆነ ግን እኔንም ጨምሩ!»

ንጉሡ «እስክትደክም ጠብቁ» አለ።

ዐሥራ ሁለት ቀን ከማሳው አልወጣችም። በዐሥራ ሦስተኛው ጧት በክንዷ ላይ ተጣብቆ የደረቀው ትል ቆዳው ተሰነጠቀ። ከውስጡ ጥንዚዛ ወጣ፤ መጀመሪያ ገርጥቶ ነበር፤ ቆይቶ ቀላ፤ ጥቁር ነጥብም አወጣ። ሁሉም አዩ። ቅጠሉን ሲገለብጡት ክሽክሹ አልቆ ነበር።

ችቦዎቹ ወደቁ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሊባናም አብራ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅዋ ግን ከዘንዶው ዘንድ ቀርቶ ነበር።