«ድንጋዬን መልስ!»

የከባድ መኪና ሾፌሩ የሙሐዲን ሬሳ የተገኘው ሊሙ ገነት፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጓሮ ነው። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ይድረስ የተባለው አዳራሽ፣ ጣሪያ እንኳ ሳይለብስ አጠገቡ ቆሟል። ከጅማ የተጠራው መቶ አለቃ አብተው ጎንበስ ብሎ በሟቹ ማጅራት ላይ ያለውን አንድ ቁስል አየ፤ ኪሱንም ፈተሸ። መንጃ ፈቃድ፣ መሀረብና ጣት የምታህል ጥቁር ባትሪ አገኘ።

እንዲህ ያለ ባትሪ አይቶ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ባትሪ ክንድ የሚያህል፣ ኪስ የሚቀድ፣ ከማብራት ይልቅ ውሻ ለማባረር የሚመች ቆርቆሮ ነው። ይቺ ግን እንደ ብዕር ኪስ ላይ የምትሰካ፣ መዳፍ ውስጥ ገብታ የምትጠፋ ነገር ናት። ገና ሲይዛት ወደዳት። ማብሪያዋን ቢፈልግ አጣ። አንገቷን ቢያዞረው ዞረ፤ እሷ ግን አልበራችም። የኋላ ክዳኗን ፈትቶ ውስጧን አየና ግንባሩን ቋጠረ።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ተክለጻድቅ፣ በዚያ ሙቀት ካፖርቱን እንደ ደረበ። «ገዳዩ ግንበኛው ኤርሲዶ ነው። ጴንጤ ነው፤ አብዮቱንም አይወድም። ከሰዓት በኋላ ለአብዮት ጥበቃ አስረክበዋለሁ።»

ለአብዮት ጥበቃ የተሰጠ ሰው እንደማይመለስ አብተው ያውቃል። ደሙ ፈላ።

«እኔ ታዲያ ከጅማ የመጣሁት ለቅሶ ልደርስ ነው?»

ሊቀመንበሩ ሳቀና ቢሮውን ለምርመራ ለቀቀለት።

መጀመሪያ የገባችው ከጓሮው አጥር ማዶ ሻይ የምትሸጠው ባህሪያ ናት።

«እማማ ባህሪያ፣ ምን ሰሙ?»

«ወላሂ ልጄ፣ ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ ለመግሪብ ውዱእ እያደረግኩ ነበር። ሙሐዲን ‹ድንጋዬን መልስ! ድንጋዬን መልስ!› ብሎ ጮኸ። ከዚያ ጭጭ።»

«የሌላ ሰው ድምፅስ?»

«የለም። ግን ከግንበኛ ሌላ ድንጋይ ያለው ማን ነው? ማል ጎና፣ ምን እናድርግ! የሰማሁትን ተናገርኩ።» እንባዋን ጠረገች። «ቀን እኔ ቤት ያቺን ከአሰብ ያመጣትን ባትሪ ለሁሉ ሲያሳይ ነበር። አንዱ ‹ይቺ የባትሪ ጫጩት ናት?› ቢለው፣ ‹እናቷን ታስንቃለች› አለ። ሊቀመንበሩ እንኳ ቢሮው ወስዶ ሲያያት ቆይቶ ነው የመለሰለት።»

«ሲመልስለት ሙሐዲን አበራት?»

«በጠራራ ፀሐይ? ምን ሊያይባት?»

«ድንጋዩስ የት ገባ?»

«የገደለበት? እኔ ምን አውቄ!»

ኤርሲዶ እጁ የፊጥኝ እንደታሰረ ገባ።

«ከሙሐዲን ጋር ተጣልተሃል ይላሉ።»

«አዎ ጌታዬ። ለቤቱ መሠረት ያስቀመጠውን ድንጋይ ሊቀመንበሩ ‹አምጣ› ብሎኝ እዚህ አዳራሹ ላይ ገነባሁት። ሰደበኝ። ኋላ ግን ‹አንተ ምን ታደርግ› ብሎ ታረቀኝ።»

«ድንጋዩ የት ገባ?»

«የትኛው ጌታዬ? ግድግዳው ሁሉ ድንጋይ ነው።»

አብተው ወጣና ሊቀመንበሩን በር ላይ አገኘው።

«ጓድ ተክለጻድቅ፣ ድንጋዩ አልተገኘም።»

«ሁለቱንም ወንዝ ጥሏቸው ይሆናል» አለ ሊቀመንበሩ ወዲያው።

አብተው ፊቱን ትኩር ብሎ አየው። «ሰዉን አዳራሹ ውስጥ ሰብስቡልኝ።»

ሲሰበሰቡ መሀል ቆመ።

«ሙሐዲን የተመታው አንዴ ነው። ሁሉንም ስለ ድንጋዩ ጠየቅኩ። ‹ሁለቱንም› ያሉኝ ጓድ ሊቀመንበር ብቻ ናቸው። በግድግዳ የተገነባ ድንጋይ ‹መልስ› ተብሎ ይጮኻል? ታዲያ ሙሐዲን የፈለገው የትኛውን ድንጋይ ነው?»

ባትሪዋን አወጣ፤ ክዳኗን ፈትቶ መዳፉ ላይ ገለበጣት። ምንም አልወደቀም።

«ያ ረቢ!» ባህሪያ አፏን ያዘች። «የባትሪ ድንጋይ!»

«አዎ እማማ፣ ባለ ሁለት ድንጋይ ናት። ሲመሽ እምቢ አለችው፤ ሲፈታት ባዶ ናት። ቀን በማን እጅ እንደቆየች ያውቃልና ወደዚህ መጣ። እንዲህ ያለ ቀጭን ድንጋይ ከጅማ እስከ ሰኮሩ አይሸጥም። የሰረቀው ሰው የሚከተው ሌላ ዕቃ ቢኖረው ነው። ጓድ፣ ካፖርትዎን ያውልቁ።»

ሊቀመንበሩ አልተነቃነቀም። ኤርሲዶን የሚጠብቀው ዘብ ግን ጠመንጃውን አንግቶ ቀረበና አወለቀው። ከውስጥ ኪሱ የሲጋራ ፓኮ የምታህል ሬዲዮ ወጣች። መርፌዋ የቆመው የተከለከለው ጣቢያ ላይ ነው። ሁሉም አወቀው፤ እንዴት እንዳወቀው ግን ማንም ማንንም አልጠየቀም።

«ሙሐዲን ቢሮው ሲገባ ያያት ይቺን ነው» አለ አብተው። «ቢሮው ለእኔ ሲለቀቅ ከካፖርት ሌላ መደበቂያ ጠፋ።»

«ቢያወራብኝስ?» ተክለጻድቅ ጮኸ። «በዚህ ነገር ስንቱን አሳስሬ፣ እኔን ማን ይምረኛል?»

የአብተው አንቱታ እዚያው ቀረ።

«አንተ ነህ እንጂ ጆሮን ወንጀለኛ ያደረግከው! ራስህ በጠመድከው ወጥመድ እግርህ ቢገባ ምስኪን ሾፌር ገደልክ፤ አልበቃ ቢልህ ግንበኛ ልታስረሽን! ስማ፤ የምወስድህ ሬዲዮ ስለሰማህ አይደለም። እሱን ማንም ይስማ። ሰው ስለገደልክ ነው።»

ይህን ሲናገር ሰዉ መሬት መሬት አየ። እንዲህ ያለ ንግግር ለተናጋሪውም አይበጅም።

የኤርሲዶ ገመድ ተፈታ። አብተው ከሬዲዮዋ ሁለቱን ድንጋዮች አውጥቶ ባትሪዋ ውስጥ ከተተና አንገቷን አዞረ። ጣሪያ በሌለው አዳራሽ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ምንም አይታይም።

«በራች?» አለች ባህሪያ።

ኤርሲዶ ገመድ የላጠውን እጁን ዘረጋ። በሁለት መዳፉ ጋርዶ፣ በጣቶቹ መሀል አጮልቆ አየ።

«በርታለች፣ እማማ።»