ማዕዶት ታነባለች፣ ባርኮት ይፈታል

ራሟ አልገባ አለች። ማዕዶት በሁለት አውራ ጣቶቿ ገፋቻት። እምቢ። አዙራ ሞከረቻት። አሁንም እምቢ። ከግንባሯ የወረደው ላብ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል፣ የኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ በክንዷ ጠረገችውና እንደገና ገፋች።

«ይበቃል፤ ሰዓቱ አልቋል» አሉ አሰልጣኝ ሸዋንዳኝ።

እንግዲህ ራም የምትባለው ማበጠሪያ የምታህል ቀጭን ነገር ናት። ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያስታውስባት እሷ ናት። ያለ እሷ ማሽኑ ይነሳል፣ ይጮኻል፣ ግን ምንም አያሳይም።

«ራም እንዴት ነው የሚገባው?» ሲሉ ጠየቋት አሰልጣኙ።

«በጠርዟ ያለችውን ክፍተት ከማስገቢያው ጥርስ ጋር አገጣጥማለሁ። ከዚያ ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ድረስ እኩል እጫናለሁ» አለች ማዕዶት ሳትተነፍስ።

«ታዲያ?»

ማዕዶት እጇን አየች። ራሟ አሁንም መዳፏ ላይ ናት።

«በቃል ብቁ ነሽ» አሉ አሰልጣኝ ሸዋንዳኝ፣ ወረቀታቸው ላይ ምልክት እያደረጉ። «በእጅ ግን ገና ነሽ።»

«ሬዲዮናችን ተበላሸች!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሬዲዮ ያሏት በከንቱ አልነበረም። በዚህ የሴቻ ሰፈር ማሰልጠኛ ደህና የሚሠሩት ማሽኖች ጥቂት ስለነበሩ አንዱ ለሁለት ሠልጣኝ ይደርስ ነበር። ለማዕዶት የደረሳት ባርኮት ነው፤ የካምባ ልጅ፣ ሲኮራም ሲያፍርም የሚስቅ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ማንም ሳያዛቸው ሥራውን ተካፈሉት። እሷ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሥልጠና ሞጁል ጮክ ብላ እያነበበች በአማርኛ ትነግረዋለች፤ እሱ ካቻቢቴውን ይዞ ይፈታል፣ ይገጥማል። ማዕዶት ታነባለች፣ ባርኮት ይፈታል። ዓመቱን ሙሉ ከእነሱ ቀድሞ የጨረሰ ጥንድ አልነበረም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሲኦሲ የሚሉት የብቃት ምዘና ሁለት ሰው በአንድ ወንበር አያስቀምጥም። ሰኞ ጠዋት የጽሑፍ፣ ከሰዓት የተግባር ፈተና አለ፤ ሁሉም ለብቻው። ያላለፈ የምስክር ወረቀት የለውም። ታች ሲቀላ ሰፈር ያለው የኮምፒውተር ጥገና ቤት ደግሞ ለማዕዶት «ወረቀቱን ይዘሽ ነይ፣ በማግስቱ ትጀምሪያለሽ» ብሏታል።

«መምህር፣ ነገ ቅዳሜን ብቻ ልለማመድበት?» ብላ ለመነች።

«ማሽኖቹ ለምዘናው ታሽገዋል፣ ልጄ። ካሁን ወዲያ በሩን የሚከፍቱት መዛኞቹ ናቸው።»

ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚወርደው ሚኒባስ የመጨረሻው ወንበር ላይ ባርኮት ከጎኗ ተጠጋ።

«አታካብጂ እንግዲህ። መላ አለኝ።»

«አላካበድኩም። ተናድጄ ነው።»

«ስሚኝማ። ጠዋት ከኋላሽ እቀመጣለሁ። ጆሮሽን ከነካሽ ኤ፣ አንገትሽን ቢ፣ አፍንጫሽን ሲ፣ ፀጉርሽን ዲ።»

«ካስነጠሰኝስ?»

«እሱን አስብበታለሁ» አለና ሳቀ። «ከሰዓት ደግሞ ጎንሽ ነኝ። መዛኙ ዞር ሲል እጄን እሰድልሽና ቀጭ! ማን ያያል? አንቺም ፏ፣ እኔም ፏ።»

ማዕዶት መስኮቱን እያየች ሳይታወቃት ጆሮዋን ነካች። ወዲያው እጇን ጭኗ ላይ መለሰች።

ቤት ስትደርስ ሌላ ጣጣ ጠበቃት። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ ኤርጫፎ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከእናቷ ከብርቅዬ ጋር ተቀምጠዋል።

«ሳሮ፣ ሳሮ ልጄ!» አሉ በጋሞኛ ሰላምታ። «የቸርቹ ኮምፒውተር ጨለመብን። እሁድ መዘምራኑ አዲስ መዝሙር አላቸው። ግጥሙ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ካልወጣ ደግሞ ማንም አያውቀውም። እናትሽ ‹ማዕዶት እያለች?› አለችኝ።»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትያለሽ? ዓመት ሙሉ ምን ስትማሪ ነው የከረምሽው?» አለች ብርቅዬ፣ ደረቷን ነፋ አድርጋ። «ያለፈው ሳምንት እኮ ጸሎት ላይ ቆሜ ስለ አንቺ መስክሬያለሁ።»

ልጅት ምን ትበል? በእናት ኩራት ላይ ውሃ አይደፋም። «እሺ፣ ነገ» አለችና ጓዳ ገብታ ትራሱን በቡጢ መታችው። ከዚያ ለባርኮት ደወለች።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቸርች ተገናኙ። ኮምፒውተሩ ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ በከበሮና በተደራረቡ ወንበሮች መሀል ተቀምጧል። ሲያበሩት ማራገቢያው ዞረ፣ ጢ... ጢ... አለ፣ ስክሪኑ እንደጨለመ ቀረ። ጋሽ ኤርጫፎ በሩ ላይ ቆመው ከንፈራቸውን መጠጡ።

ባርኮት እንደ ልማዱ ካቻቢቴውን አነሳ። ማዕዶትም እንደ ልማዷ ሞጁሉን ገለጠች።

«ከሶኬቱ ንቀል። የብረት ኬዙን ንካ፣ ሰውነትህ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ። የጎኑን ክዳን ፍታ...»

ክዳኑ ሲከፈት አቧራው እንደ ዱቄት ቦነነ። ባርኮት እያስነጠሰ ጠራረገና ሁለቱን ራሞች አወጣ፤ በላጲስ ወርቃማ ጥርሳቸውን ማሸት ያዘ። እዚህ ላይ የማዕዶት ስልክ ጮኸ። እናቷ ናት፤ ልታነጋግራት ወደ ግቢው ወጣች።

«ሠራሽው?»

«ገና ነው እማዬ!»

«እንዴ፣ ምን ያስቆጣሻል? ጠየቅኩ እንጂ!»

ከግቢው ስትመለስ ባርኮት ካቻቢቴውን ይዞ ቆሟል።

«አሽቼ መልሼ ከተትኳቸው። ያው ነው፣ ይጮኻል። ቀጥሎስ?»

«ሞጁሉ ከፊትህ ተዘርግቶ የለ እንዴ? አንብበው።»

ባርኮት ሞጁሉን የሰው ቤት ውሻ እንደሚታይ አየው። «አንቺ አንብቢው።»

«አራተኛው መስመር ላይ ነው። እኔ እጄን ልሞክ...»

«አንብቢው አልኩሽ!»

ጮኸ። ባርኮት ጮኾባት አያውቅም። ጋሽ ኤርጫፎ እንኳ ቀና ብለው አዩት። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ካቻቢቴውን በጣቶቹ መሀል ያሽከረክራል። አሁን ሳቁ የለም።

«ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሲሰለፉ ነው የሚጠፉብኝ።»

ማዕዶት ዓመቱን ሙሉ አብራው ስትቀመጥ አንድም ቀን አንድ መስመር ሲያነብ ሰምታው እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባት። እንዲያነብስ መቼ ጠየቀችው? እሱም ካቻቢቴውን ያዢ ብሏት አያውቅም።

መስመሩን አነበበችለት፤ «አንዷን ራም ብቻ አስገብተህ ሞክር። ካልሆነ ማስገቢያውን ቀይር።» ባርኮት አንዷን አወጣና አበራው፤ ማሽኑ አሁንም ጮኸ። አጥፍቶ ወደ ሌላው ማስገቢያ ቀየራት። ቀጭ። ሲያበራው ስክሪኑ ቦግ አለ።

«ተመስገን!» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ። ማዕዶትን ጭንቅላቷን ይዘው ግንባሯን ሳሟት። «ጌታ ይባርክሽ! እናትሽ ውሸት አታውቅም! አንተም ተባረክ ልጄ፣ ስላገዝካት።»

ባርኮት ሳቁ ተመለሰለት። ጋሽ ኤርጫፎ ቁልፋቸውን ሊያመጡ ሲወጡ በክርኑ ነካ አደረጋት።

«አየሽ? አንድ ላይ ሆነን ማንም አይችለንም። ሰኞም እንዲሁ ነው። ጆሮ ኤ፣ አንገት ቢ...»

የእሱ እጅ እስከ ክንዱ አቧራ ለብሷል። የእሷ ገና ታጥቦ የደረቀ ይመስላል፤ ጥፍሯ ሥር እንኳ ቆሻሻ የለም። ግንባሯ ላይ የጋሽ ኤርጫፎ ከንፈር ያረፈበት ቦታ አቃጠላት።

ጎንበስ ብላ ኮምፒውተሩን አጠፋችው። ከሶኬቱ ነቀለችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

ኬዙን ነካች። ክዳኑን ከፈተች። ራሟን አወጣች፤ ከዚያ ደግሞ የማራገቢያውን ሽቦ፣ ከዚያ ሃርድ ዲስኩን። ካቻቢቴው ሁለት ጊዜ አምልጧት ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«አብደሻል? እየሠራ እኮ ነበር!»

ጋሽ ኤርጫፎ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ገቡ፤ የተበታተነውን ሲያዩ በሩ ላይ ክው ብለው ቀሩ።

«ልጄ... ሠርቶ አልነበር እንዴ?»

«ሠርቶ ነበር ጋሼ። የሠራው ባርኮት ነው። እኔ ገጥሜ አላውቅም።» ካቻቢቴውን ከወለሉ አነሳች። «ይፍቀዱልኝ፤ አሁን ልገጥመው። እስኪመሽ ድረስ ካልሆነልኝ እሱ ይመልስልዎታል።»

ሽማግሌው መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ ባርኮትን፣ በመጨረሻም ጠረጴዛው ላይ የተዘረገፈውን አንጀት ሁሉ አዩ። «እሺ፣ እስኪመሽ» አሉና ስልካቸውን እያወጡ ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

ማዕዶት ሞጁሉን አንስታ ለባርኮት ዘረጋችለት።

«ሰኞ ጆሮዬን አልነካም፣ ባርኮት። አንተም እጅህን ወደ እኔ አትሰድም።»

«እና እወድቃለኋ?»

«አላውቅም። እኔም ልወድቅ እችላለሁ። ዛሬ ግን አንተ አንብብልኝ። ነገም ከቸርች በኋላ እቤት መጥተህ አንብብ። ቀስ በል፤ የሚያባርርህ የለም።»

«ትስቂብኛለሽ።»

«ራም ሳስገባ አልሳቅክም እንዴ?»

«...ትንሽ።»

«እኔም ትንሽ ነው የምስቀው።»

ባርኮት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ሞጁሉን ወሰደው። ጣቱን መስመሩ ሥር አኖረ።

«ኢን... ኢንስ... ቆይ። ኢንስቶል...»

ማዕዶት ሃርድ ዲስኩን ይዛ ጠበቀችው። ከውጭ ከኮሪደሩ የጋሽ ኤርጫፎ ድምፅ ተሰማ፤ ለመዘምራኑ መሪ እየደወሉ ነው።

«አዎ፣ አዎ፣ ልጅቷ ይዛዋለች። ለማንኛውም ግን፣ ጽጌሬዳ፣ ግጥሙን በእጅም ገልብጡት።»