ቃጭል የሌለው ሳይክል

ስለ መንፈስ ሲወራ ከሚስቁት አንዷ እኔ ነበርኩ፣ ጎረቤቶቼ ይመስክሩ፣ «ጥላ ሲያልፍ አየሁ» የሚለኝን ሰው «ራትህን በደንብ ብላ» ብዬ የምሸኝ ሴት ነኝ። ይህን የማወራችሁም እንድትፈሩልኝ አይደለም፣ እስከ ዛሬ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ወንድሜ ሀንዲሶ ሆሳዕና ውስጥ በሳይክል ዳቦ ያድል ነበር። ማለዳ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው ዳቦ ቤት ይነሳል፣ ገበያውን ዞሮ፣ በሆስፒታሉ በኩል ወርዶ እኛ በር ላይ ይጨርሳል፣ አጭር መንገድ ናት፣ የጣድነው ሻይ ሳይፈላ ታልቃለች። ደንበኛው ሁሉ ማታ ዘንቢሉን በሩ ላይ ሰቅሎ ያድራል፣ ሀንዲሶ ዳቦውን ከትቶ ቃጭሉን ሁለቴ ቂሊል ቂሊል ያደርግና ያልፋል። የእኛ ዘንቢል የመጨረሻው ስለሆነ ሥሩ ያረረውን፣ ማንም የማይገዛውን ዳቦ ለእናታችን ያስቀምጥላታል፣ እሷ ደግሞ የምትወደው እሱኑ ነው።

በዚያ የአፈሳ ዘመን ታዲያ አንድ ጠዋት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከአብዮት ጠባቂዎቹ ጋር ሆኖ ሆስፒታሉ ጥግ አስቆመው። «ለትንሽ ጉዳይ ትፈለጋለህ» አሉት፣ ትንሿ ጉዳይ ጦር ሜዳ ነበረች! የሰውን ቁርስ፣ ያልታደለውን ዳቦ፣ እዚያው ቆመው ተካፍለው በሉት። ሳይክሉን ሊቀመንበሩ «ለቀበሌ ሥራ» ብሎ ወሰደው፣ የቀበሌ ሥራ ማለት እንግዲህ እሱ ጠጅ ቤት ሲሄድ ነው። እናቴ ቃጭሉን በሰማች ቁጥር ልጄ መጣ ብላ እየሮጠች ትወጣለች፣ ሰውየውን ስታይ መሪውን ጨብጣ አለቅም ትላለች። ሲሰለቸው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቃጭሉን አስፈትቶ ጣለው። እስቲ ፍረዱ፣ ይሄ ሰው ነው?

ነገሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ማለዳ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ቂጭ ቂጭ የሚል የሰንሰለት ድምፅ በአጥራችን ሥር ሲያልፍ ሰማሁ፣ ሊቀመንበሩ ነው ብዬ ረግሜው ተገላበጥኩ። በማግስቱም መጣ። በአጥሩ ቀዳዳ ባይ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ውሻ፣ ያ ሊቀመንበሩን ሲያይ የሚያብደው ውሻ፣ ጅራቱን እየቆላ በዓይኑ አንድ ነገር ይሸኛል፣ መንገዱ ላይ ግን ማንም የለም። ለእናቴ ትንፍሽ አላልኩም፣ በከንቱ ተስፋ እንዳላቆስላት።

መርዶ በማለዳ እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በዚያው ሰሞን ገና ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ፣ ብከፍት ግቢው በሰው ሞልቷል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ፊት የቆመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሊቀመንበሩ! አንገቱን ደፍቶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ! ደሜ ፈላ። ልጁን የወሰደው እሱ፣ መርዶ ነጋሪው እሱ።

«እናት፣ እንግዲህ ጽኚ፣ ልጅሽ ለእናት አገሩ ሲል...»

ከአፉ ሳይጨርስ ከአጥሩ ውጭ ቃጭል ሁለቴ ጮኸ፣ ቂሊል ቂሊል።

ሁሉም ሰምቷል፣ እመኑኝ፣ እትዬ ዘነበች «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። እናቴ ለቀስተኛውን ጥሳ ወጣች፣ ስትመለስ ከዘንቢላችን ያወጣችውን ሥሩ ያረረ ዳቦ በሁለት እጇ ይዛለች፣ ትኩስ ነው፣ እንፋሎቱ ይተናል። ያ ዳቦ ቤት ደግሞ ዱቄት ጠፍቶ ከተዘጋ ሰንብቷል፣ አገር ያውቃል።

እናቴ አማርኛ ብዙም አይቀናትም ነበር፣ ያን ዕለት ግን አልተደናቀፈችም። «ማን ሞተ ልትለኝ ነው? ይኸው ዳቦዬ!»

«የአድኃሪያን ተንኮል ነው!» ብሎ ጮኸ ሊቀመንበሩ። «ሳይክሉ ቀበሌ ግቢ ታስሯል፣ ቁልፉም ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው!»

«እንሂዳ!» አልኩት። «አንተ ካልፈራህ ቅደም፣ ጓድ!»

ሕዝቡ ሁሉ ተከተለን። ሳይክሉ እውነትም ከምሰሶው ጋር በሰንሰለት ታስሮ ቆሟል፣ ቃጭሉ ከነበረበት ቦታ የብሎኑ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ጎማው፣ ብረቱ፣ መሪው ጤዛ ለብሷል፣ መቀመጫውና የመሪው መጨበጫዎች ግን ደረቅ ናቸው። መቀመጫውን ዳሰስኩት፣ ሰው አሁን የተነሳበት ያህል ይሞቃል። ሊቀመንበሩም እጁን ጫን አደረገና መንጭቆ ሱሪው ላይ ጠረገው። «ይህን ያወራ ሰው ወዮለት» አለን። ከዚያ ወዲያ ግን ሳይክሉ ላይ አልወጣም፣ እዚያው ዝጎ ቀረ።

የእድር ሰዎች ድንኳን እንትከል ብለው ሲመላለሱ እናቴ መልሷ አንድ ነበር፣ «ዳቦ ላመጣ ልጅ ድንኳን አይተከልም»። ደርግ ወደቀ፣ ከዳምቦያም ከዶዮገናም የተወሰዱ ልጆች ግማሾቹ ተመለሱ፣ የእኛ ግን አልመጣም። ዘንቢሉ ውስጥም ከዚያ ቀን በኋላ የገባ ነገር የለም። እናቴ በሩን በሩን ስታይ አርጅታ፣ ለልጇ አንድ ቀን እንኳ ደረቷን ሳትመታ ሞተች።

ሊቀመንበሩንማ ረግሜ ረግሜ ጨርሻለሁ። ዛሬ የምጣላው ከወንድሜ ጋር ነው። በሕይወት ካለህ፣ በሩ ድረስ መጥተህ እንዴት ሳትገፋው ትሄዳለህ? ሞተህስ ከሆነ፣ እናታችንን ለምን አልቅሳ እንዲወጣላት አልተውካትም? አንዳንድ ቀን እልሄ ሲነሳ ዘንቢሉን አውርጄ ላቃጥለው እነሳለሁ፣ ከዚያ አራግፌ መልሼ እሰቅለዋለሁ። ጎህ ሲቀድ እሳደባለሁ፣ አፌ እየተሳደበ ጆሮዬ ግን መንገዱ ላይ ነው።